ልጁ አስታወከ፣ መርፌ ተወጋ፣ ከዚያ አንገቱ ዞረ፦ ይህ የገጠማችሁ አላችሁ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ አጭር ነው። ልጃችሁ አስታውኮ መድኃኒት ተሰጥቶት ያውቃል? የመድኃኒቱን ስምስ ታውቁታላችሁ?

ፋርማሲስት ነኝ። ወደ መድኃኒት ቤታችን የሚመጡ ወላጆችን ልጁ ምን እንደተሰጠው ስጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ መርፌ። የምን መርፌ? ማስታወክ የሚያቆም። ከዚያ በላይ የሚነግረኝ ጥቂት ሰው ነው።

በአገራችን ማስታወክ ለማስቆም በብዛት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ሜቶክሎፕራማይድ ነው። ብዙዎቻችን ፕላሲል የምንለው። ለአዋቂ ጥሩ መድኃኒት ነው። አንዳንድ ልጆች ላይ ግን ከተሰጠ ከሰዓታት በኋላ ወይም በማግስቱ ሌላ ነገር ያመጣል። አንገት ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛል። ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ምላስ ይወጣል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ጀርባ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሐኪሞች አኪዩት ዲስቶኒያ ይሉታል። ለሚያየው ያስደነግጣል። ትክክለኛው ማርከሻ ሲሰጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ችግሩ ሐኪሙ ይህን ቶሎ የሚጠረጥረው ልጁ የወሰደውን ካወቀ ነው። ካላወቀ ፊቱ ያለው መንጋጋ ቆልፍ፣ ማጅራት ገትር ወይም የሚጥል በሽታ የሚመስል ልጅ ነው። ስለዚህ አቋሜን ልናገር። የመድኃኒቱ ስም በወረቀት ሳይጻፍላችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ከክሊኒክ አትውጡ። ልምዳችሁን ጻፉልኝ። የሙያ ባልደረቦቼም ጨምሩበት።

(ውይይቱ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገቡ እንዲመች መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከታች ተርኬያቸዋለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የአዳማ እናት ናት። የ4 ዓመት ልጇ ተቅማጥና ትውከት ይዟት ክሊኒክ ወሰደቻት። መርፌ ተወጋች፣ ለቤት ደግሞ ኪኒን ተሰጣት። በማግስቱ ማታ የልጅቷ አንገት ወደ ትከሻዋ ተጣጥፎ ቀረ። ዓይኗ ወደ ጣሪያ ተሰቀለ። እናቲቱን ከሁሉ በላይ ያስጨነቃት ልጅቷ ራሷን አለመሳቷ ነው። ትሰማለች፣ ታለቅሳለች፣ እናቷን ትጠራለች፤ አንገቷን ግን መመለስ አልቻለችም። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኩሌታው ቡዳ ነው አለ። አንዱም ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው የወሰደችውን መድኃኒት ነው። የኪኒኑ ማሸጊያ እናቲቱ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አየው፣ መርፌ አዘዘ። አልጋ ላይ ሆና ብዙም ሳይቆይ አንገቷ ተመለሰ። እናቲቱ ማሸጊያውን ጥላው ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ጌታ ያውቃል ብላ ነው የጨረሰችው።

መልስ 2

አንድ ወንድም ለእናቲቱ እግዚአብሔር ይማርልሽ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ። የሆድ መድኃኒት አንገት ላይ ምን ያደርጋል? ብዙ ሰው ሊጠይቀው የሚፈልገው ጥያቄ ነው።

መልስ 3

የመለሱት ለረጅም ዓመታት ሕፃናት ክፍል የሠሩ ሲስተር ናቸው። መድኃኒቱ ሥራው ሆድ ላይ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። አንጎል ውስጥ ማስታወክን የሚቀሰቅስ ቦታ አለ። ሜቶክሎፕራማይድ እዚያ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያርፍበትን ተቀባይ ይዘጋል፣ ትውከቱም ይቆማል። ነገር ግን እዚያ ብቻ አይቀርም። እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍልም ዶፓሚንን ይዘጋል። በዚያ ክፍል ዶፓሚንና አሴቲልኮሊን እንደ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ናቸው። አንዱ ሲቀል ሌላው ይጫናል። ያኔ ጡንቻ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ይኮማተራል። እንደ ዳይፈንሃይድራሚንና ትራይሄክሲፈኒዲል ያሉት ማርከሻዎች የአሴቲልኮሊንን ሥራ ስለሚቀንሱ ሚዛኑን ይመልሱታል።

ሲስተር ስለ ክብሪቱም ተናግረዋል። ጭሱ ምንም አይጠቅምም፣ ፊት ሊያቃጥል ግን ይችላል። መንጋጋው በተቆለፈ ልጅ አፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባትም፣ ውኃ ማንጠባጠብም ክልክል ነው፤ ያንቃል። እኔ አንድ ልጨምር። አልፎ አልፎ የጉሮሮ ጡንቻም ሊያዝ ይችላል። ልጁ ሲተነፍስ የሚያሰማው ድምፅ ከተለወጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው አንድ ደቂቃም ማባከን አይገባም።

መልስ 4 እና 5

እዚህ ላይ ሙቀቱ ጨመረ። ቁጥር 4 ሕዝብ ማስፈራራት ነው ሲል ወቀሰኝ። እሱ ራሱ በጨጓራ ምክንያት ፕላሲል ደጋግሞ ወስዷል፣ ምንም አልሆነም። ቁጥር 5 ቶሎ መለሰችለት። እሱ ትልቅ ሰው መሆኑን፣ እየተወራ ያለው ደግሞ ስለ ልጆች መሆኑን ጠቆም አድርጋ፣ ሳያነቡ መመለስ ይቅር አለችው። ልክ ናት። ልጆችና ወጣቶች ከሌላው ሰው ይበልጥ ለዚህ ይጋለጣሉ። መድኃኒቱን ከወሰዱት ልጆች አብዛኞቹ ምንም እንደማይሆኑ እኔም አልክድም። ጥያቄው ለሚሆኑት ተዘጋጅተናል ወይ ነው።

መልስ 6

በመተማ አካባቢ የሚሠራ የጤና መኮንን ጥፋቱ የመጠን ነው ብሎ በስሌት መጣ። ስሌቱን ወድጄዋለሁ። ለልጅ የሚታዘዘው በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ግራም ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንግዲህ የሚያስፈልገው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ግራም ነው። አንዷ አምፑል 2 ሚሊ ሊትር ስትሆን በውስጧ 10 ሚሊ ግራም አለ። ስለዚህ ለዚያ ልጅ የሚበቃው ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። በትልቅ ሲሪንጅ ይህን በትክክል መቅዳት ከባድ ነው። ኪኒኑም 10 ሚሊ ግራም ነው። ግማሹ ተሰብሮ ሲሰጥ እንኳ ለዚህ ልጅ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ልጁን ሳይመዝኑ በግምት መስጠት የተለመደ መሆኑንም ሳይሸሽግ ጻፈ።

ሌላም ነገር አነሳ። ቆላ ላይ ወባ የያዘው ልጅ የወባ ኪኒኑን፣ ኮአርተምን፣ ያስታውከዋል። ፕላሲል የሚሰጠውም መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ እንዲቀመጥ ነው። ይህን ከጽሑፌ አጥቶ ተቆጥቷል። ችግሩ እውነተኛ ነው። የወባ መድኃኒቱን እንደዋጠ ወዲያው ያስታወከ ልጅ መጠኑ ይደገምለታል። አሁንም አሁንም የሚያስታውክ ከሆነ ግን ያ የከባድ ወባ የአደጋ ምልክት ነው። የሚያስፈልገው በመርፌ የሚሰጥ አርቴሱኔት ነው። ትውከቱን ብቻ አስቁሞ ወደ ቤት መላክ አደገኛ ነው።

መልስ 7

ጀርመን የምትኖር እህት እዚያ የነበረውን ነገረችን። በየቤቱ የሚታወቀው ኤምሲፒ የሚባል ጠብታ፣ ይኸው ሜቶክሎፕራማይድ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከገበያ ወጥቷል። የወጣበት ምክንያት በ1 ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ የያዙ ጠብታዎች እንዲቀሩ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 ስለወሰነ ነው። ውሳኔው በጠብታው አላበቃም። ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መድኃኒቱ ተከለከለ። ከ1 እስከ 18 ዓመት ላሉትም ሌላው ሲያቅት ብቻ፣ ያውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚመጣ ትውከትና ከካንሰር መድኃኒት በኋላ ዘግይቶ ለሚመጣው ብቻ ተወሰነ። ከ5 ቀን በላይ አይሰጥም። ልብ በሉ፣ ተራ የተቅማጥ ትውከት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

መልስ 8

የሕፃናት ሐኪም የሆነች መላሽ ቁጥር 6ን በትሕትና አረመችው። መጠን ሲበዛ አደጋው ይጨምራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን በትክክል ተመዝኖ በተሰጠ መጠንም ዲስቶኒያ ይመጣል። ስለዚህ መጠኑ ልክ ነበርና ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ወላጅን መመለስ ስሕተት ነው። የጤና መኮንኑ አመሰገናት። እንዲህ ያለ ንግግር ስላየሁ ደስ ብሎኛል።

መልስ 9

ከዋሽንግተን ዲሲ አንድ ወንድም የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ሬግላን (ሜቶክሎፕራማይድ እዚያ የሚሸጥበት ስም) ላይ በጥቁር ሳጥን የታጠረ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ማድረጉን አስታወሰ። መረጃው ትክክል ነው፣ ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ችግር ነው። ያ ማስጠንቀቂያ ታርዲቭ ዲስካይኔዥያ ስለሚባለው ነው። መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በወሰዱ ሰዎች ላይ ፊትና ምላስ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፣ መድኃኒቱ ቆሞም ላይጠፋ ይችላል። ከ12 ሳምንት በላይ አትውሰዱ የሚባለው ለዚህ ነው። እኛ የምናወራው በመጀመሪያው ቀን ወይም በሁለተኛው የሚመጣውን፣ የሚድነውን ነው። ሁለቱን አንቀላቅላቸው።

ይህ ወንድም የጠቀሰው ስም ግን ሌላ ነገር አስነሳ። ያው መድኃኒት እዚህ ፕላሲል፣ አሜሪካ ሬግላን፣ ሳዑዲና ኤምሬቶች ፕሪምፔራን፣ እስራኤል ፕራሚን ይባላል። ወረቀቱ ላይ ሜቶክሎፕራማይድ ተብሎ ቢጻፍ የትም አገር ያለ ሐኪም ያውቀዋል።

መልስ 10፣ 11 እና 12

አንድ አባት፣ በአጻጻፋቸው በዕድሜ የገፉ ይመስሉኛል፣ በእሳቸው ጊዜ የሚያስታውክ ሕፃን እንጥሉ ይቆረጥ፣ ግጉ ይነሣ እንደነበር ጻፉ። ያኔ አንገቱ የሚዞር ልጅ አላዩም። ቁጥር 11 አንጓጠጠቻቸው። በዚያ መቆረጥ ስንት ሕፃን ደም ፈሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞበት እንደሞተ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አነጋገሯ ለአባት የሚገባ አልነበረም። ነጥቧ ግን የማይታለፍ ነው። እንጥል ማስቆረጥና ድድ በስቶ የወተት ጥርስ ማውጣት ትውከትን አያድንም፣ ይገድላል። ቁጥር 12 ገብቶ አባታችን ያሉት ልማዱን ለማስታወስ እንጂ ቁረጡ ለማለት አይደለም ብሎ አበረደው። አባትየውም ያንኑ አረጋገጡ።

መልስ 13

ይህ መልስ በጣም አሳዝኖኛል። አንድ አባት ልጁ ጀርባው ተለጥጦ፣ አንገቱ ደርቆ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ የተጠረጠረው ማጅራት ገትር ነበር። ከጀርባው ፈሳሽ ተቀዳ። ጠንካራ አንቲባዮቲክ ተጀመረ። እሱና ሚስቱ ሌሊቱን በልቅሶ አሳለፉ። ጠዋት የገባች ሌላ ሐኪም ከዚያ በፊት ምን እንደተወጋ ጠየቀች። ስሙን አያውቁም። ክሊኒኩ ሲደወልለት ፕላሲል ሆኖ ተገኘ። አባትየው ሐኪሞችን ክፉኛ ወረደባቸው። ሁሉንም በአንድ ላይ ግዴለሽ ብሎ ጠራ።

መልስ 14

ጠቅላላ ሐኪም የሆነ ሰው በቁጣ መለሰ። ማጅራት ገትር ሆኖ ሐኪሙ ቢያልፈውስ ኖሮ ዛሬ ምን ይጻፍ ነበር ሲል ጠየቀ። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩን ሞልቶ የሚጠብቀውን ሰልፍ ገለጸ። ደግሞ ወላጆችንም ወቀሰ። ልጁ መርፌ ካልተወጋ ታከመ የማይሉ አሉ። ኦአርኤስ ይዛችሁ ሂዱ ሲባሉ ለዚህ ነው ካርድ ያወጣነው ይላሉ። ያንን መርፌ ብዙ ጊዜ የሚያስወጋው ይህ ግፊት ነው አለ።

መልስ 15 እና 16

ወደ ስድብ ከመሄዱ በፊት የአዳማዋ እናት መሀላቸው ገባች። አባትየውን አጽናናችው። ሐኪሙንም ፈሳሹን መቅዳቱ ተገቢ እንደነበር አምና፣ የክሊኒኩን ዝምታ ግን እንዲያይላት ጠየቀችው። ሐኪሙ ቀዝቀዝ ብሎ ተመለሰ። ከአሁን ወዲያ የሚያዘውን ሁሉ፣ መርፌም ቢሆን፣ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ለወላጁ በብጣሽ ወረቀት እንደሚጽፍ ቃል ገባ። እኔ ሁለቱንም አልፈርድባቸውም። ትኩሳት ያለው፣ አንገቱ የደረቀ ልጅ እስኪጣራ ድረስ እንደ ማጅራት ገትር መታየቱ ተገቢ ነው። መርፌውን የሰጠ ክሊኒክ ስሙን ላለመጻፉ ግን የምሰጠው ምክንያት የለኝም።

መልስ 17

ከዚህ በኋላ ወሬው ከልጆች ራቅ አለ። ኩዌት በቤት ሠራተኝነት የኖረች እህት በደም ሥር የትውከት ማስታገሻ ተሰጥቷት ወዲያው መቀመጥ አቅቷት ነበር። እግሯ አልቆም አለ። ውስጧ ሩጪ ሩጪ አላት። አሠሪዎቿ አበደች ብለው ፈሩ። ይህም የዚያው መድኃኒት ሌላ ጉዳት ነው፣ አካቲሲያ ይባላል። መድኃኒቱ በደም ሥር በፍጥነት ሲገፋ ይበልጥ ይመጣል። ቢያንስ በ3 ደቂቃ ቀስ ተብሎ መሰጠት አለበት። የታዘዘላት ሜቶክሎፕራማይድ መሆኑን ወረቀቷ ላይ ኋላ አግኝታዋለች። እብድ ተብላ ለቆየችበት ጊዜ አዝናለሁ።

መልስ 18 እና 19

ነፍሰ ጡር የሆነች አንባቢ ተጨንቃ ኪኒኗን ልታቆም መሆኑን ጻፈች። እባክሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አታቁሚ። በእርግዝና ጊዜ ትውከት ሲጠና የሚታዘዝበት በቂ ምክንያት አለ። ከላይ ያሉትን ምልክቶች ካየሽ ግን ወዲያው ሂጂ። ቁጥር 19 ደግሞ ልጆቹ የደሴ መንገድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ስለሚያስታውኩ ግማሽ ፕላሲል ቢሰጥ ይሻል እንደሆነ ጠየቀ። አይሻልም። ለመኪና ሕመም አይሠራም። የግማሹን አደጋ ደግሞ ቁጥር 6 አስልቶታል።

መልስ 20

አንዲት ወጣት እናት ታዲያ ምን እናድርግ አለች። ጥያቄዋ ውስጥ ምሬት ነበረበት፤ ክልከላው በዝቶባት። የዓለም ጤና ድርጅት ለተቅማጥ ሕፃናት የትውከት ማቆሚያ እንዲሰጥ አይመክርም። ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃኑን የሚገድለው ትውከቱ ራሱ ሳይሆን የሚወጣው ፈሳሽ ነው። አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጪ። በሻይ ማንኪያ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ስጪው። ካስታወከ 10 ደቂቃ ጠብቂና ከበፊቱ ቀስ ብለሽ ቀጥይ። ልጆች በጽዋ ሲገለብጡት ነው የሚመልሱት፣ በማንኪያ ሲሆን አብዛኛው ይቀመጣል። ጡት አታቋርጪ። ተቅማጥ ካለ ዚንክ ይጨመራል፦ ከ6 ወር በታች 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20፣ በቀን አንዴ ከ10 እስከ 14 ቀን።

አረንጓዴ ሐሞት ወይም ደም ካስታወከ፣ ምንም ከማይቀመጥለት ደረጃ ከደረሰ፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ ማንኪያውን ይዘሽ ወደ ሕክምና ሩጪ።

መልስ 21 እና 22

የዲሲው ወንድም ተመልሶ እዚያ ለልጆች የሚሰጠው ዞፍራን መሆኑን ነገረን። ኦንዳንሴትሮን ማለት ነው። ሥራው ዶፓሚንን መዝጋት ስላልሆነ ዲስቶኒያ የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ በአፍ ተሰጥቶ ልጁ ኦአርኤስ እንዲጠጣ ያግዛል። የልብ ምት ችግር ላለበት ልጅ ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ቁጥር 22 በዚህ ተበሳጨች። የአሜሪካን ለአሜሪካ ተዉት፣ እኛ ጋ ጤና ጣቢያ ላይ ያለው ፕላሲልና ፕሮሜታዚን ነው አለች። ንዴቷ ይገባኛል። ግን ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፣ በዚህ ዕድሜ አይሰጥም። እሱም ራሱ ዲስቶኒያ ሊያመጣ ይችላል። ዶምፔሪዶንም ወደ አንጎል ብዙ ስለማይገባ ይሻላል ይባል ነበር፣ ከልብ ምት ስጋቱ ሌላ ለትናንሽ ልጆች ጥቅሙ ስላልተረጋገጠ ግን አውሮፓ ውስጥ ለእነሱ መስጠት ቀርቷል። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ኦአርኤስ አለው። ለእኔ ቅድሚያው እሱ ነው።

መልስ 23

አንድ ሰው የልጁን ቪዲዮ ለጠፈ። ፊቱ ስለሚታይ እንዲያነሳው ለመንኩት፣ አነሳው። ቪዲዮ መቅረጹ ግን ብልህነት ነው። ዲስቶኒያ መጥቶ ይሄዳል፣ ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ልጁ ደህና ሊሆን ይችላል። ለሐኪሙ ብቻ አሳዩት። ሲስተርም በዚያው እንዲህ ያለ ጉዳት ሲገኝ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት መደረግ እንዳለበት አስታወሱን። ነፃው የስልክ መስመር 8482 ነው። ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ወላጅም መደወል ይችላል።

መልስ 24 እስከ 27

ማታ ላይ አንድ አባት በአጭሩ ጻፈ። ልጁ ቀን ላይ ማርከሻ ተሰጥቶት ድኖ ወደ ቤት ገብቶ ነበር። አሁን ምላሱ እንደገና መውጣት ጀምሯል። መርፌው አልሠራም ማለት ነው? የሕፃናት ሐኪሟ ከእኔ ቀድማ ደረሰች። ማርከሻው ሠርቷል፣ ግን አልቆበታል። ፕላሲሉ ገና ከሰውነቱ አልወጣም። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ማርከሻው በአፍ ለአንድ ሁለት ቀን እንዲቀጥል የሚታዘዘው። አሁኑኑ እንዲመለስና የቀረውን ፕላሲል እንዳይሰጠው ነገረችው። ሰፈሩን ጠየቀችው፣ ሌሊት የሚሠራ ቅርብ ሆስፒታልም ጠቆመችው።

በማግስቱ ተመልሶ ጻፈ። መርፌው ተደግሞለት ኪኒን ይዘው ወጥተዋል። ልጁ ብዙ ተኝቷል። እንቅልፉ ከመድኃኒቱ መሆኑን፣ ሲቀሰቅሱት ግን መንቃት እንዳለበት ነገርኩት። ኦአርኤሱን ይቀጥል እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ፣ ሲነቃ፣ በማንኪያ።